መዳፍ የምታክል ነጭ

ነፊሳ በየማለዳው መርፌዋን ከማንሳቷ በፊት የተቀደደውን ጆንያ በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ መጋዘኑ በር ብርሃን ታነሳዋለች። በቀዳዳው ፀሐይ ሲገባ ታያለች።

«ነፊሳ፣ ዛሬስ አዲስ አበባ ታየችሽ?» ይላታል ኩሊው ባፈና።

«አንተ ተገትረህባት እንዴት ትታየኝ!»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሆሳዕና ከተማ፣ በነጋዴው በረሻድ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየጣፈች ትኖራለች። የበርበሬው ጆንያ እያደር ይቀላል፣ የቡናው ይጠቁራል፣ የጨው ይነጣል። አንዲት ቀዳዳ ለመድፈን ቁራጭ ስትመርጥ ብዙ ትቆያለች። ቀዩን ከቡናማው አጠገብ ታደርጋለች፤ ታነሳለች፤ ትመልሳለች። ቁራጩ ቦታውን ሲያገኝ ግን ትንፋሿ ይረጋል።

በ1956 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ይህ ጠባይዋ ጣጣ አመጣባት። ነጋዴዎች ጆንያቸውን የሚለዩት በምልክት ነው፤ የረሻድ ሁለት ቀይ መስመር ነበር። ነፊሳ በዚያ ሳምንት ጥቁር አራት ማዕዘን ወዳ በሰባት ጆንያ ላይ ጣፈችው። የአዲስ አበባ አራጋፊዎች የሌላ ነጋዴ ምልክት መሰላቸውና ከፎንቆ ገበያ የተገዛውን የረሻድን በርበሬ ሌላ ሰው ቤት አራገፉት።

«ቀዳዳ ድፈኚ አልኩሽ እንጂ አስጊጪልኝ አልኩሽ?» አለ ረሻድ። «ዳግመኛ እንዲህ ብታደርጊ መርፌሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ!»

«እሺ ጋሽ ረሻድ። አይለመደኝም።»

ከዚያ በኋላ ቀዩን በቀይ፣ ቡናማውን በቡናማ፣ ቀጥ አድርጋ ጣፈች። እጇ ሠራ፤ ልቧ ግን አኮረፈ። ጥር ሲገባ አልቻለችም። ለመጣፊያ እንኳ የማይበቃውን ውዳቂ እየሰበሰበች፣ በምሳ ሰዓት በቃጫ ክር አንዱን ባንዱ ላይ መስፋት ጀመረች። ሰው የለበትም፣ አበባ የለበትም። ቡናማ በቡናማ ላይ፣ ከታች ቀጭን ቀይ፣ መሃሉ ላይ መዳፍ የምታክል ነጭ። ሲያልቅ በመጋዘኑ መስኮት ላይ ሰቀለችው። ከዚያ፣ ረሻድ ቢያባርራት ለመሄድ፣ መርፌዋን ሻሿ ላይ ሰክታ ጠበቀች።

ረሻድ ገባና ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደለም ጋሼ። ቢታይ ብዬ ነው።»

«የኔን ሱሪ ይመስላል» አለ ባፈና ከኋላ።

ረሻድ አልሳቀም። ሥራ ላይ ቁጭ ማለት የማያውቀው ሰውዬ የበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ነጩን ከየት አገኘሽው?»

«ከውዳቂው።»

«እዚህ አቧራ ይበላዋል» አለ በመጨረሻ። «ሱቄ ውስጥ ስቀይው። ሌላም ካማረሽ ሥሪ። ጆንያዬ ላይ ብቻ አይሁን!»

ዛሬ ሱቁ ውስጥ ሦስት ተሰቅለዋል። ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ትንሽ ቆም ሳይል አይወጣም።

ነፊሳ ይህን ስታወራልኝ ሁሉም ይጻፍ ብላለች፤ የባፈና ሱሪ እንኳ ሳይቀር። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለምናለች፦ ውዳቂው ሁሉ በርበሬ ነክቶት ንጹሕ ነጭ ስታጣ፣ እንከን የሌለውን የረሻድን አዲስ የጨው ጆንያ በመቀስ መቅደዷ። ቀዳዳውን ወዲያው ጣፈችው፤ ከውዳቂው ባገኘችው ቁራጭ፣ ቀጥ አድርጋ።