በከንፈሬ የያዝኩት ጎማ

የበደለኝ ሰው ጌታቸው ይባላል። የበደለኝም አትላንታ ኦሎምፒኩን ካስተናገደች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዐቢይ ጾም፣ በጎረቤቴ በአልማዝ ቤት፣ ስድስት ሰው ፊት ነው። ብዙ ሰው «ይቅር በይው፣ ቀልድ እኮ ነው» ብሎኛል። እንዲህ ከሚሉኝ መካከል ግን በአፉ የተቀለደበት አንድም ሰው የለም። እንዳልረሳው ያደረገኝም ይኸው ነው።

ያን ጊዜ እዚሁ አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባል መንገድ ላይ አንድ የልብስ እጥበት ቤት ውስጥ ልብስ አስተካክል ነበር። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ገበር እሰፋለሁ። ብሩክሄቨን ሰፈር በምንኖርበት አፓርታማ የአልማዝ በር ከእኔ በር ትይዩ ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ እኛ ዘንድ የሚደግስ ሰው ለየሃይማኖቱ ለይቶ ያሳርዳል። እዚህ ግን ለሁለት ሴቶች ሁለት በግ የሚያርድ ከየት ይመጣል?

ዓሣ ግን ቢላዋ አይጠይቅም። እሷ በጾሟ ትበላዋለች፣ እኔም ማን ባረከው ሳልል እበላዋለሁ። ሰኞ ሁለታችንም ኦፍ ነን። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። በዚህ አገር ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ የምበላው ያን ቀን ብቻ ነበር።

ዓሣውን የማመጣው እኔ ነኝ። ማጥመድን ያስተማረኝ ጌታቸው ነው፤ ይህን አልክድም። ታክሲ ይነዳል፤ ሰኞ ማለዳ በስተሰሜን ተራሮቹ መካከል ወዳለው ሐይቅ ሲሄድ እኔንም ይወስደኛል። እዚያ የሚገኘውን ዓሣ ፈረንጆቹ ስሞልማውዝ ባስ ይሉታል። አፉ ትንሽ፣ ጉልበቱ ትልቅ ነው። ጌታቸው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ውሃው ሲቀዘቅዝ ይህ ዓሣ ይሰንፋል። የሚሮጥ ነገር አይከተልም። ጌታቸው ግን ዘንጉን በሬ እንደሚነዳ ሰው ያወናጭፈዋል።

«የተኛ ይቀሰቀሳል፣ እትዬ ዘሀራ» ይለኛል።

«ቀስቅሰኸው ተቆጥቶ ሄደ መሰለኝ» እለዋለሁ።

መንጠቆው ላይ የሚሰካውን ነገር ወረቀቱ ከተላጠ ጠርሙስ እያወጣ ይሰጠኝ ነበር፤ በኋላ ለእኔም አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ። የጨው ውሃ ውስጥ የተነከረ፣ ጥቁር፣ ሁለት ጭራ ያለው ለስላሳ ቁራጭ ነው። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ልዩ ጎማ ነው። በብርድ የማይደርቅ።»

ልብስ ሰፊ ነኝና ልማድ አለብኝ፤ ሁለት እጄ ሲያዝ መርፌውንም ቁልፉንም በከንፈሬ እይዛለሁ። ክሩን መንጠቆው ላይ ስቋጥር ያንንም ጎማ በከንፈሬ እይዘው ነበር። ጌታቸው ቆሞ ያየኛል። አንድ ቀን ጨዋማ ነው ስለው «ዓሣ ጨው ይወዳል» አለኝ። በዚያ ብርድ ሁሉ እንዲሁ ሲያየኝ ከረመ።

በዚያ ሰኞ አልማዝ ሰው ጠርታ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትሪው ቀረበ። ጌታቸው ሁለተኛውን ዓሣ አጥንቱን ብቻ አስቀርቶ እጁን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ያ ጎማ ሲቀመስ እንዴት ነው?»

«ጨዋማ ነው ብዬህ የለ።»

«የአሳማ ቆዳ ነው እኮ፣ ከነስቡ። ሦስት ወር ሙሉ ስትልሺው አየሁሽ።»

ሁለት ሰዎች አብረውት ሳቁ። አንዲት ሴት የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰች። አልማዝ ትሪውን አነሳች።

ጌታቸው ጾመኛ ነው። ወተት የነካውን ማንኪያ አይነካም። አሳማውን ግን ሦስት ወር በእጁ ሲያሽ ከርሞ በዚያው እጁ ይጎርስ ነበር። ስለዚህ ነገር እሱን ማንም አልጠየቀውም። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። አልማዝ በሩ ላይ ስትሸኘኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እውነት ሳታውቂ ነው፣ ዘሀራ?» አለችኝ። ከቀልዱ ይልቅ የጎዳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

በሚቀጥሉት ሁለት ሰኞዎች ሥራ አለብኝ አለች። መኪናዋ ግን ፓርክ እንዳደረገችው ቆሞ ነበር።

መስጊድ ሄጄ ሼኹን ጠየቅኩ። «ባለማወቅ የሆነ አይያዝብሽም፤ አፍሽን ታጠቢ» አሉኝ። አፌን ታጠብኩ። ልብሽንም ታጠቢ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ አንድ የማጥመጃ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሽማግሌው ሻጭ ገና ሲያየው አወቀው። «አሳማ ነው» አለና ወረቀቱ ያልተላጠ ጠርሙስ ከመደርደሪያው አውርዶ አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ ትንሽ አሳማ ተስሏል። ለምስክር ገዛሁት። አሳማ የሌለበት ካለህ ስለው አምስት ዓይነት ለስላሳ ጎማ ደረደረልኝ። ሁሉንም ወሰድኩ።

አምስት ብርጭቆ የበረዶ ውሃ ሞልቼ፣ አንድ አንዱን በየብርጭቆው ነክሬ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት እንደ ጨርቅ በጣቴ እያጠፍኩ ፈተንኳቸው። ወፍራሙና የሚያብለጨልጨው እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ደርቋል። ከሁሉም ትንሿ፣ ጭቃ የመሰለችው፣ ጭራዋ ስስ የሆነችው ግን እፍ ስላት ተንቀጠቀጠች።

የአልማዝን በር አንኳኳሁ። በአንድ እጄ የገዛሁትን ጠርሙስ፣ በሌላው ትንሿን ጎማ ይዣለሁ።

«ይሄ እሱ ወረቀቱን ልጦ የሰጠኝ ዓይነት ነው። ይሄ ደግሞ ከእንግዲህ የማጠምድበት ነው። ነይና በዓይንሽ እዪ።»

ጠርሙሱ ላይ የተሳለውን አሳማ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለች።

በእኔ አሮጌ መኪና ሄድን። ጌታቸው ከእኛ በፊት ደርሶ ውሃውን ይገርፋል። ጎማዬን ወረወርኩና እስከ ታች እንድትሰጥም ተውኳት። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። የጣት ስፋት ያህል ሳብኩ፣ እንደገና ሃያ ቆጠርኩ። ዓሣው በብርድ ሲይዝ አይጎትትም፤ ክሩ እርጥብ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ያህል ብቻ ይከብዳል። ይህን የሚያውቀው ክር ይዞ የኖረ እጅ ነው። ሦስት ዓሣ አወጣሁ። አልማዝ የሦስቱንም አፍ ከፍታ ጎማውን አየች፤ በሦስተኛው ላይ ሳቀች።

ጌታቸው ባዶ እጁን መጣ። «በምን እያጠመድሽ ነው፣ እትዬ?»

«ልዩ ጎማ ነው። በብርድ የማይደርቅ።»

ከቦርሳዬ ወፍራሙን፣ የሚያብለጨልጨውን አውጥቼ ሰጠሁት። አመስግኖኝ ሄደ። እስከ ቀትር ሲወረውር ሲጎትት ዋለ፤ ምንም አላገኘም።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ዓሣው ዛሬ እየጾመ ነው መሰለኝ» አለችው አልማዝ።

የዚያን ቀን ከአንድ ትሪ በላን። አልማዝ መጀመሪያ የጎረሰችው ከእኔ በኩል ነበር።

ጌታቸው ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬም እዚህ ከተማ ነው፤ ሰርግ ላይ ሲያገኘኝ ሦስቴ ይስመኛል። ነገሩን የረሳሁ ይመስለዋል። አልረሳሁም፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትም አይቆጨኝም።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ይዞልኝ መጣ። ገበሩ ተተርትሯል። «እጅሽ ይባረክ» ብሎኝ ሄደ። የአሳማው ሥዕል ያለበትን ወረቀት በጓንት ከጠርሙሱ ላጥኩት። አጠብኩት፣ አደረቅኩት። ሲራመድ እንዳይንኮሻኮሽ በስስ ጨርቅ ጠቀለልኩት። በግራ ደረቱ በኩል፣ በገበሩና በኮቱ መካከል አድርጌ ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት ሰፋሁት። ኮቱን ተኮስኩ፣ ሰቀልኩ፣ ዓርብ መጥቶ ወሰደ።