በድራሙ ትራክ ላይ ያለው ሰውዬ

«ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት ሙዚቀኞች ናቸው። ገና በጎረምሳነቱ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፅ መቅዳት ሲጀምር፣ ከመስታወቱ ማዶ ከሚጫወተው ባንድ መካከል የማን ጊታር ከቅኝት እንደወጣ፣ የቱ ዘፋኝ ትንፋሽ እንዳጠረው ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። ለቀልድ የወጣ ስም ተጣበቀበት። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ዛሬ የሚያውቁት መታወቂያውና ታናሽ እህቱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕድሜውን የፈጀው በዚያው ስቱዲዮ ነው። ከጫማ መደብር በላይ ያለ፣ ግድግዳው በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነ፣ ክረምት ከበጋ የታፈነ ክፍል ነበር። ሚስት አላገባም። ሲጠይቁት «ሰው ሲተኛ ሥራ የሚገባ ወንድ ማን ያገባዋል?» ይላል፤ ጠያቂዎቹም ይስቁና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ሰው ሁሉ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ዘፈን መቅዳት ጀመረ፤ የስቱዲዮው ባለቤት ሞተ፤ ወራሾቹም ቤቱን ለመጋዘን አከራዩት። ዕቃው ሲወጣ ጆሮ ከደረጃው ሥር ቆሞ ያይ ነበር። ማይክራፎኖቹ ገዢ አገኙ። ድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰሩን አንድ ሰው በመኪና ጭኖ ወሰደው። ትልልቅ ሳህን የሚያካክሉት፣ ዘፈን የተቀዳባቸው የክር ጥቅልሎች ግን ከአሮጌ ምንጣፍ ጋር ለቆሻሻ መኪና ተከምረው ነበር።

«እነዚህስ?» አለ።

«ማን ይፈልጋቸዋል ብለው ነው?» አለው የሟቹ ልጅ፣ ክፋት ሳይኖረው። «ከፈለጉ ይውሰዷቸው፤ ለእኛም ግልግል ነው።»

ወሰዳቸው። ስቱዲዮው በስተመጨረሻ የገዛውን፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ባለ ስምንት ትራክ ማጫወቻም አስከትሎ ወሰደ፤ ተሸካሚዎች እየተራገሙ ቤቱ ድረስ አወጡለት። ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። መኝታ ክፍሉን ለክሮቹ ለቀቀና አልጋውን ወደ ሳሎን አመጣው። እህቱ መጥታ ስታይ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አሁን አንተ ነህ የምትኖረው ወይስ እነሱ?» አለችው።

እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጅ ልጆቿ ጋር ሰፊ ቤት ውስጥ ትኖራለች። አንድ ክፍል ባዶ እንደሆነ፣ መጥቶ አብሯት እንዲኖር ሳትነግረው የቀረችበት ጊዜ የለም። እሱም ሁልጊዜ «ክሮቹስ?» ይላል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ክር ሲያረጅ ሙጫው እየለቀቀ ይጣበቃል፤ እንዲሁ ቢጫወት ዘፈኑ ቡናማ ትቢያ ሆኖ ድምፅ የሚያነበው ብረት ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በዝግታ መሞቅ አለበት። ለዚህ ብሎ ከአሮጌ ቁም ሳጥን መሳቢያ ላይ አምፖል ገጥሞ፣ ቴርሞሜትር ሰክቶ ማሞቂያ ሠራ። እህቱ ይህንንም አይታ «ጫጩቶቹ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?» ብላዋለች። ክሩ ሞቆ ሲደርቅ ደህና የሚጫወተው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ያኔ ብረቱን በአልኮልና በጥጥ ይወለውላል፣ ጥቅልሉን ይሰቅላል፣ ስምንቱን ኬብል ወደ ኮምፒውተሩ ይሰካል፣ ከዚያም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

ስምንት ትራክ ማለት በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን የተዘረጉ ስምንት መንገዶች ማለት ነው። ድራሙ በአንዱ፣ ቤዙ በሌላው፣ ዘፋኙ በራሱ ይሄዳል። ጆሮ ሌላውን ሁሉ ዘግቶ አንዱን ብቻ መክፈት ይወድ ነበር። ዘፋኙን ለብቻው ሲከፍተው ምራቁን ሲውጥ፣ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማል። ኦርጋን ተጫዋቹ በእግሩ ወለሉን ይመታል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተጫወቱ ሰዎች እዚህ ላይ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ክር በጨረሰ ቁጥር ስልክ ይደውል ነበር፤ «ድምፅህን አግኝቼልሃለሁ» ሊል። አንዳንዱ ቁጥር አይሠራም። አንዳንዱን የማያውቀው ሰው ያነሳል። ቤዝ ተጫዋቹን አግኝቶት ነበር፤ ከጎኑ ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ «እሱን ነገር እስካሁን አልተውከውም እንዴ?» አለው። ከዚያ ወዲህ መደወሉን ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሆስፒታል መለያ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የመጣች፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሴት ነበረች።

«ጋሽ ጆሮ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ጋሽ» እና «ጆሮ» አንድ ላይ ሲጠሩ ሰምቶ ስለማያውቅ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ነኝ ልጄ፤ ግቢ።»

የድራመሩ ልጅ ነበረች። ድራመሩን ያስታውሰዋል፤ በስቱዲዮው የመጀመሪያ ዓመታት ይመላለስ የነበረ፣ ቀጭን፣ ሲጫወት አፉን የሚከፍት ሰው። የሞተው ገና በወጣትነቱ በመኪና አደጋ ነው። ልጅቷ ያኔ መራመድ እንኳ አልጀመረችም። የክሮቹን ነገር የነገራት ያ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ለደም ግፊቱ ሊታይ እሷ ከምትሠራበት ክፍል ገብቶ።

«ፎቶ አለኝ» አለች። «ሲጫወት የተቀዳውም ቤት አለ። ድምፁን ግን ሰምቼ አላውቅም። የሆነ ቦታ ላይ ይናገራል?»

«ድራመር እኮ አይናገርም» አለ ጆሮ። ፊቷን ሲያይ ጨመረበት። «ቢሆንም እንይ። የድራም ማይክራፎን ወሬ ይወዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው የሚለቃቅመው።»

ክሮቹን መርጦ አሞቃቸው። በሳምንቱ ስትመጣ አንዱን ሰቅሎ የድራሙን ትራክ ብቻ ከፈተላት። ዱላዎቹ ሲነካኩ፣ ከዚያ አንድ ሰው ሲቆጥር ተሰማ፤ ቁጥሩ ግን ጩኸት እንጂ ድምፅ አልነበረም። ዘፈኑ ሄደ ሄደና አለቀ። የድራሙ ሲምባል የብረት ንዝረት ሲጠፋ፦

«ይቺ በርጩማ ወገቤን ልትቆርጠው ነው። ጆሮ፣ ዘይት ነገር የለህም?»

ራቅ ብሎ በድምፅ ማጉያ ሌላ ሰው መለሰ፦ «የቱን ልቀባው? ወገብህን ነው በርጩማዋን?»

ክፍሉ ሙሉ ሰው ሳቀ። ክሩም አበቃ።

ልጅቷ ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለች። ጆሮ ደግሞ ስሙ ተጠርቶ እንኳ የመለሰው ሰው ማን እንደሆነ እስኪገባው ጥቂት ቆየ። እሱ ራሱ ነበር።

ደጋግማ አስከፈተችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች፤ አልጋ ላይ የዋሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አድርጋ «እማዬ፣ ስሚ» አለች። ተጫወተ።

«ማነው ይሄ?» አሉ እናትየው።

«አባዬ ነዋ።»

«አይደለም።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ነው፤ ድራሙ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«የሱ ድምፅ ከዚህ ወፈር ይላል። ይሄ ጎረምሳ ነው። ሰው ተሳስቶባችሁ ይሆናል፤ በደንብ ጠይቂ።»

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ «አሁን አሁን ይረሳታል፣ አይፍረዱባት» አለች። ግን ስትገባ የነበረው ፊቷ አብሯት አልወጣም። የአባቴን ድምፅ አገኘሁ ብላ የተደሰተችው ደስታ ላይ ጥርጣሬ ገባበት፤ ቅጂውን እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች።

ጆሮ ተናደደ። ለቁጣው ጓደኛ ስላልነበረው ሳህን እያጠበ ብቻውን አጉረመረመ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሴት፣ ያውም በስልክ ሰምተው፣ ጆሮ ለተባለ ሰው ድምፅ ሊያስተምሩ! ካርቶኑ ላይ የባንዱ ስም አለ፤ ድራመሩም ሌላ አልነበረም። ነገሩ ግን አልለቀው አለ። በማግስቱ ሙዚቀኞች ጊታር የሚቃኙበትን መተግበሪያ ስልኩ ላይ ከፍቶ የዚያኑ ክር የኦርጋን ትራክ አሰማው። ኦርጋን እንደ ጊታር በየቀኑ ከቅኝት የሚወጣ መሣሪያ አይደለም። የስልኩ ቀስት ግን ከቦታው ከፍ ብሎ ቆመ። ሌላ ዘፈን ሞከረ፤ ያው ነው። የዚያን ዘመን ሌላ ክር ሞከረ፤ ያው።

ያኔ ገባው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስቱዲዮው የነበረው መቅጃ ሞተሩ የደከመ ነበር። ቀስ እያለ የቀዳውን ራሱ ቀስ እያለ ስለሚያጫውተው ማንም አያውቅበትም። የጆሮ ቤት ያለው ማጫወቻ ግን ጤነኛ ስለሆነ ያንን ሁሉ አፍጥኖ፣ ድምፁንም አቅጥኖ ያወጣዋል። ሰውዬው ድራመሩ ነው፤ ሴትዮዋም ልክ ናቸው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ያሳዘነው የማሽኑ ነገር አልነበረም፤ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም መልሶ ማዘግየት ይቻላል። ያሳዘነው እሱ አለመስማቱ ነው። ድሮ ቢሆን የመጀመሪያው ምት ላይ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ሐኪሙ የጆሮው አቅም እየወረደ እንደሆነ ከነገረው ቆይቷል፤ ለማንም ሳይናገር፣ ለራሱም ሳይናገር፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን መስመር በዓይኑ እየተከተለ ሰማሁ ሲል ከርሟል። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ለብቻቸው ከፍቶ ሲያዳምጥ፣ አወቅኋቸው ሲል፣ የራሳቸው ባልሆነ ድምፅ ነበር የሚያዋሩት።

ድምፁን ወደ ልኩ መልሶ ለልጅቷ ደወለ። ላፕቶፑንና አንዲት ትንሽ ስፒከር በቦርሳ ይዞ ቤታቸው ሄደ። እናትየው መስኮት አጠገብ ካለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ያቺን ነገር እንደገና ልታሰማኝ ነው የመጣኸው?» አሉት፤ ድምፃቸው ቀና ነበር።

«ልክ ነበሩ» አላቸው። «ማሽኑ አፍጥኖት ነው። እኔም አላወቅሁበትም።»

ከፈተው። ሲምባሉ ጠፋ፤ ሰውዬው ስለ በርጩማዋ ተነጫነጨ። አሁን ድምፁ ወፍራምና ትንሽ የሰለቸው ነበር።

እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አዎ» አሉ። «እሱ ነው። ሥራ ቦታ ወንበር፣ ቤት ትራስ፤ ምንም ነገር ተመችቶት አያውቅም ነበር።»

ልጅቷ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ አለቀሰች። «አንዴ ይድገሙልን» ስትል እናትየው እጃቸውን አነሱ።

«ለእኔ ይበቃኛል። ዝጋው ወንድሜ። እሷ ስትፈልግ ለብቻዋ ትስማው።»

ዘጋው። ኬብሉን እየጠቀለለ ሳለ እናትየው ትኩር ብለው አዩት። «ያ የመለሰለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ ጨዋታ ታውቅ ነበር» አሉት።

ለማስከፋት አልነበረም። ጆሮ ግን ፈገግ ብሎ ቦርሳውን ዘጋ፤ ታክሲ ውስጥም፣ ደረጃውን ሲወጣም መልስ ሲፈልግ ነበር።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተመላለሰች። ከሥራ ስትወጣ ትመጣና አልጋው ላይ ተቀምጣ አባቷ ያለባቸውን ክሮች በየተራ ትሰማለች። አንዱ ላይ ያስላል፤ አንዱ ላይ ሰዓት ይጠይቃል። እሱም እሷ የምትመጣበትን ቀን እየጠበቀ ሳሎኑን መጥረግ ጀምሮ ነበር። ከዚያ የአባቷ ክሮች አለቁ። እሱም አለቁ ብሎ ነገራት። ሌሎቹንም መስማት ትችያለሽ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን የሰው ዘፈን ምን ያደርግላታል ብሎ ተወው። አመስግናው ጉንጩን ሳመችው። አንድ ሁለቴ በስልክ ሰላምታ ልካለታለች። አልተቀየማትም፤ የመጣችው ለአባቷ ነው።

አንድ እሑድ እህቱ ስትደውል «ጆሮዬ እኮ ደህና አይደለም» አላት፤ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

እህቱም «ስልክ ላይ እንዲህ የምጮኸው ለምን ይመስልሃል?» አለችው። ቀጥላም እንደ ወትሮው ስለ ባዶው ክፍል አነሳች። እሱም «እስቲ ይቺን ሥራ ልጨርስ» አላት። ከ«ክሮቹስ?» የተሻለ መልስ መሆኑ ገብቷት አልገፋችበትም።

ክሮቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍጥነታቸውን እያስተካከለ እንደገና ያስቀምጣቸዋል። ድሮ ዘፈኑ እንዳለቀ ይቆርጠው የነበረውን ወሬና ሳል አሁን አይነካውም። ባለፈው ሰሞን የሰቀለው አንድ ክር ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ብዙ ድምፅ ቀረው። ያን ቀን መቅጃውን ሳያጠፋው ረስቶት ኖሯል። ባንዱ መሣሪያውን ሲሰበስብ፣ አንዱ ሌላውን የት እንሂድ ሲለው ይሰማል። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ባዶው ክፍል ውስጥ የአንድ ሰው ኮቴ መጣ፤ ማይክራፎኖቹን እየነቀለ፣ ኬብል እየጎተተ፣ በለሆሳስ ያፏጫል። ጆሮን ማንም «ና አብረን እንሂድ» አላለውም ነበር፤ እሱም ያን ጊዜ ልብ አላለውም። ፉጨቱ ጥሩ ነበር፤ ከቅኝት አልወጣም፣ ወይም አሁን እንደዚያ ይመስለዋል። ጆሮ ወደ ስፒከሩ ጠጋ ብሎ፣ የድራሙ ማይክራፎን እስኪነቀልና ድምፁ እስኪቋረጥ ድረስ አዳመጠው። ከዚያ ጥቅልሉን አውርዶ ሌላውን ሊያሞቅ ተነሳ።