ከአባቴ ኋላ የቆሙት ሦስት ሰዎች

የፓርላማ ምርጫ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቼ «እማማ፣ እርስዎ ሰው ያውቃሉ፤ ማን ያልፋል ይላሉ?» እያሉ ይጠይቁኛል። «እኔ እንጃ» እላቸዋለሁ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ማን እንደሚመረጥ በእርግጠኝነት ተናግሬ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው በጋ ነው። አጥቢያችን ከደብረ ወርቅ ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አንድ ቀን ከጣሊያኖቹ ምሽግ አንድ መኮንን መጣና ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ሰበሰበ። አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እስከ ዛሬ ጭቃ ሹም ከላይ ነበር የሚሾምላችሁ። ከእንግዲህ እናንተው ምረጡ ተብላችኋል። ሁለት ሰው አቅርቡ። የዛሬ ሳምንት ሰኞ አባወራ ሁሉ ከሚወደው ሰው ኋላ ይሰለፍ፤ የበዛለት ይሾማል» አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። ከቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ አባቴ ናቸው። ወሰን የተጋፋም፣ ከሚስቱ የተጣላም የሚታረቀው ከእኛ ደጅ ነበር። ሁለተኛው ባለ በቅሎው ነው። መጤ ነው፤ ስምንት ዓመት አብሮን ሲኖር ማኅበር ግባ ያለው ሰው የለም። ሁለት በቅሎዎቹን ለምሽጉ ዱቄት መጫኛ ያከራይ ስለነበር በሌለበት «ባንዳው» ይሉታል። እሱን ማን እንዳቀረበው አልገባኝም፤ ለቁጥር ማሟያ ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ሳምንት እንዝርቴን ይዤ ከቤት ቤት ስዞር ሰነበትኩ። አንዷ ጋ እሳት ልጫር፣ ሌላዋ ጋ ወንፊት ልዋስ እያልኩ እገባና «የእናንተ አባወራ ከማን ኋላ ይቆማል?» እላለሁ። ሴቶቹ ይስቁብኛል። «ደግሞ ይጠየቃል? ካባትሽ ሌላ ማን አለንና!» ለአባቴ ላለው ቤት ሁሉ በፈትሌ ላይ አንድ አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩ፤ ለባለ በቅሎው በሌላ ክር። ስጨርስ የአባቴ አርባ አንድ፣ የሱ አራት ሆነ።

«አባዬ፣ አርባ አንዱ ቤት የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

«ሰው ሳይቆም አይቆጠርም» አሉኝ፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር። እኔም ለደስታው ሁለት ጋን ጠላ ጠመቅሁ።

ሰኞ ጠዋት እኛ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመን ቁልቁል እናያለን። አባቴ አዲሱን ኩታቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ባለ በቅሎው ከሳቸው ራቅ ብሎ መሬት መሬት ያያል። አስተርጓሚው «ተሰለፉ!» ሲል መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። ሳቅሁ። አጎቴ በአባቴ ፊት አለፈ፤ ቀና ብሎም አላያቸው፤ ሄዶ ከባለ በቅሎው ኋላ ቆመ።

የተሳሳተ መሰለኝ። «ጋሼ! ወዲህ ነው! ወዲህ!» ብዬ ጮኽኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት አፌን በእጇ ያዘችኝ።

ቀጥሎ አባቴ መሬቱን ያስመለሱለት ሰው ሄደ። ቀጥሎ የክርስትና ልጃቸው አባት። ከዚያ ሁሉም፣ እንደ ቀብር ሸኚ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንድ በአንድ ወደዚያው ነጎዱ። እዚያው ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ውስጥ «ካባትሽ ሌላ ማን አለን» ያለችኝን ሴት ዞሬ ባያት ፊቷ አመድ መስሏል፤ እሷም አላወቀችም ነበር። ለካ እኔ የጠየቅሁት ሴቶቹን ነው፤ የሚቆሙት ግን ወንዶቹ ናቸው።

ከአባቴ ኋላ ሦስት ሰው ቆመ። ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ፣ ያን ዕለት ጠዋት ከመንገድ የገባ ጎረቤታችን፣ ደግሞ በግጦሽ ነገር ከባለ በቅሎው ጋር የተኳረፈ ሰው። አባቴ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋቸውና ፊታቸውን መለሱ።

ከሁሉ የደነገጠው ግን ባለ በቅሎው ነበር። «እኔን ነው? እኔን?» እያለ ሰልፉን ያያል። እንባው ወረደ። ሄዶ ከአባቴ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ አይቀየሙኝ። ስምንት ዓመት እንደ ሰው የሚያየኝ የለም እያልኩ ስወቅሳቸው ነበር። ለካ አላወቅኋቸውም!»

አባቴ አነሡት። «እግዜር ይርዳህ» አሉት።

ጠላውን የሚጠጣ አንድ ሰው አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አጎቴ መጣና ደጁ ላይ ቆመ።

«ምን ፊት ይዘው መጡ?» አልኩት።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አለ ዝቅ ብሎ። «ምሽጉ የፈለገው ጠመንጃችንን የሚለቅምለት ሰው ነው። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጭቃ ሹም መሣሪያ አላስረከብክም ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። የተተካውን ደግሞ አስረከብክ ብለው ጫካ የገቡት ልጆች ገደሉት። አባትሽን ለዚህ እንስጥ? ወንዶቹ ተማክረን ነው።»

«ለሳቸው ለምን አልነገራችሁም?»

«ቢያውቁ ‹የእኔን ሞት ሌላ ሰው አይሞትልኝም› ይሉ ነበራ!»

«ሰውየውስ ታዲያ?»

«እሱማ መጤ ነው» አለኝ።

ይህች ቃል ከሰኞው ሰልፍ ይልቅ አደነዘዘችኝ። አባቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ወጡ። «በእኔ ስም ሰው ለጅብ ወረወራችሁ?» አሉት። ያኔውኑ ሄደው ለባለ በቅሎው ሊነግሩት ኩታቸውን አነሡ። አጎቴ እግራቸው ላይ ተደፋ። «በየቤቱ ያለውን ጠመንጃ ያውቃል። ዛሬ ከነገሩት ሁላችንም አለቅን!» አባቴ ኩታቸውን መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በወጉ አልበሉም።

ከዚያ በኋላ አጥቢያው ሁሉ ባለ በቅሎው የሚሸጠንን ቀን ይጠብቅ ጀመር። እኔም «አንድ ወር አይቆይም» ብዬ ነበር። አጎቴ ጠመንጃውን ከዋሻ ደበቀ። ከፋሲካ በፊት ወታደሮች መጥተው በየቤቱ አንድ አንድ መሣሪያ ይምጣ አሉ። ባለ በቅሎው ከፊታቸው ቆሞ «የእኔ ሰዎች ማረሻ እንጂ ጠመንጃ የላቸውም» አላቸው። እዚያው መቱት። አስረው ወሰዱት፤ በቅሎዎቹንም ጭምር። ሚስቱ ስትጮህ ከየቤቱ ብቅ ያለ ሰው አልነበረም።

አባቴ ሁለት ጊዜ ምሽጉ ድረስ ሄደው ለመኑ፤ ከበር መለሷቸው። ክረምቱን ወንዶቹ የሰውየውን ማሳ ተራ ገብተው አረሱ፣ አረሙ። እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም ነበር።

ከመስቀል በኋላ አንዷን በቅሎ እየጎተተ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ሽባ ሆኗል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ አቃተኝ። በማግሥቱ አባቴ አስከትለውኝ ወደ ሰውየው ቤት ሄዱ።

«ለምን አልተናገርክም?» አሉት።

«የመረጠኝን ሕዝብ እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ?» አለ፣ ጥያቄው ገርሞት።

አባቴ ሁሉንም ነገሩት፤ አንድም አላስቀሩ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች። እሱ ሽባ እጁን በግራ እጁ አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አባቴ» አለ ሳይቆጣ፣ «ይህን ያን ጊዜ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እየመራሁ በየቤቱ አስገባቸው ነበር። አንድ ቤት አልተውም ነበር።»

እውነቱን እንደ ሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። አባቴ ይቅርታ ሊለምኑት ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ ከለከላቸው። «የበደሉኝ እርስዎ አይደሉም» አላቸው።

ኅዳር ላይ፣ ያለውን ዕቃ በአንዷ በቅሎ ጭኖ ወደ ሉማሜ ሊሄድ ተነሣ። የቀሩት ወንዶች እፍረት ይዟቸው ከቤት አልወጡም። አባቴና እኔ እስከ ወንዙ ሸኘናቸው። ልንሰነባበት ስንል አጎቴ እየሮጠ ደረሰ፤ የሚለው ጠፍቶት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ባለ በቅሎው አየውና ግራ እጁን ሰጠው። ከዚያ በቅሎዋን ቸብ አድርጎ ሚስቱን አስቀድሞ ተሻገረ።