የድሮ ቁጥሬን ፍለጋ ወደ ጃል ኤል ዲብ

እሑድ ጠዋት ከቨርደን የወጣሁት ሁለት ስልክ ይዤ ነው። አንደኛው ቤይሩት ከገባሁ ጀምሮ የተገለገልኩበት አንድሮይድ ነው። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ በግራ በኩል ጣት ቢነካውም አይሰማም። ሁለተኛው የማዳሜ ልጅ አዲስ ስትገዛ የተወችልኝ አይፎን ነው። የጉዞዬ ዓላማ በአሮጌው ላይ ያለውን ዋትሳፕ ወደ አዲሱ ማዛወር ነበር። ስልክ ልትቀይሩ ያሰባችሁ እህቶች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ እኔ የደከምኩትን ያህል አትደክሙ ይሆናል።

ዋትሳፑን የከፈትኩት በመጀመሪያ ቁጥሬ ነው። ከመጀመሪያው ቤት ወደ አሁኑ ስዛወር ካርድ ሳይሞላለት ቆየና ኸጡ፣ ማለትም መስመሩ፣ ተዘጋ። ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሸጠ። ዋትሳፑ ግን በአሮጌው ስልክ ላይ መሥራቱን ስላላቆመ ብዙም አላሳሰበኝም። አሁን ስልኩ ሊሞት ሲያጣጥር ነው የደነገጥኩት። ምክንያቱም ታላቅ እህቴ ትርንጎ በባሕር ወደ የመን ልትሻገር ስትል የላከችልኝ የመጨረሻ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። «ስልኬን ቢቀሙኝ እንኳ ቁጥርሽን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አደራ እንዳትቀይሪው» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የምልክላት ሁሉ አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ሁለተኛዋ አትመጣም። ትርንጎ በሕይወት ካለች የምትፈልገኝ በዚያ ቁጥር ነው።

ቨርደን

ማዳሜ በር ላይ ቆማ «ከመምሸቱ በፊት፣ ፍሬ፤ እንግዳ አለብን። ያላ፣ ቦን ጁርኔ» ብላ መልካም ቀን ተመኘችልኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ።

እሑድ ጠዋት የቨርደን ጎዳና ጭር ይላል። የመስታወት ሱቆቹ ዝግ ናቸው። ፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሐበሻ ምንጣፍ ታራግፋለች። በየቀኑ ልብስ ስናሰጣ እንተያያለን፤ ስሟን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። አለፍኩ።

ሳምንቱን ሙሉ አይፎኑን ስሞክረው ነበር። ካሜራው እውነትም ሌላ ነው፤ ጨለም ባለው ኩሽና ያነሳሁት የሎሚ ሳህን የመጽሔት ፎቶ መሰለ። ድምፁም የጠራ ነው። ያስቸገረኝ የመመለሻዋ ቀስት ነገር ነው። አንድሮይዱ ላይ ከታች አለች፤ የተሳሳትኩ ቦታ ስገባ ነክቻት እወጣለሁ። አይፎኑ ላይ ግን ጣትን ከዳር ወደ መሐል መግፋት ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ይህም ስለማይሠራ ላይኛው ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት መፈለግ ግድ ይላል። እንደ እኔ ዓይን አፋር ለሆነ ሰው መውጫው ቅርብ ሲሆን ጥሩ ነው። የለመድኩት የአማርኛ መጻፊያም ስላልነበረ ሌላ አውርጄ ፊደሎቹን እንደ አዲስ መፈለግ ነበረብኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በብሉቱዝ ፎቶ ላሻግር ብል ጭራሽ አይተዋወቁም። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው የተኳረፉ እህትማማቾች መሰሉኝ።

ሳብራ

ሳብራ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ገበያው ደርቷል። የቲማቲም ክምር፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ልባሽ ጨርቅ፣ በሰው መሐል እየጮኸ የሚሽሎከለክ ሞተር ሳይክል። ዘይነባ ስልክ ሠሪው ሱቅ በር ላይ በሰሊጥ የተጋገረ ካዕክ እየበላች ጠበቀችኝ። የሐይቅ ልጅ ናት፤ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች። በቀን እየተከፈላት ቤት ታጸዳለች፣ ሳብራ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አረብኛዋ ለጭቅጭቅ ሁሉ ይበቃል።

«መጣሽ? ወላሂ ትቀሪያለሽ ብዬ ነበር» አለችኝ።

«ለምን እቀራለሁ?»

«ዛሬ ሰው ማናገር አለብሻ! አንቺ እንኳን ሰው ዕቃ ስትገዢም መሬት መሬት ነው የምታይው» ብላ የካዕኳን ግማሽ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ያለፈው እሑድ በእኔ ፈንታ የድሮ ቁጥሬ ላይ የደወለችው እሷ ናት። ያነሱት አንዲት የሊባኖስ አሮጊት ነበሩ። ቁጥሩን ልጃቸው እንደገዛላቸውና ዋትሳፕ የማይገባበት ባለ ቁልፍ ስልክ እንደያዙ ነገሯት። ኮድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን ዘጉባት። ደግማ ደወለች፤ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ «ፊቷን ላላየሁት ሰው ምንም አልሰጥም። እውነተኛ ከሆነች ትምጣ» ብለው ቤታቸውን ነገሯት፦ ጃል ኤል ዲብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው በላይ፣ ተይታ ጆርጀት። ተይታ ማለት አያት ማለት ነው።

ስልክ ሠሪው አቡ ዓሊ ሁለቱን ስልኮች አገላብጦ አየ። አይፎኑን እንደ አዲስ እንደሚጠርገው፣ ከዚያ ሁለቱም ቻርጅ ላይ ተሰክተው በአንድ ዋይፋይ ላይ እንደሚቆዩ ነገረን።

«ፎቶውም መልእክቱም ይሻገራል» አለ። «መጨረሻ ላይ ግን ዋትሳፕ ኮድ ይልካል፤ የሚልከው ደግሞ ወደዚያ ቁጥር ነው። ሌላ መንገድ ሞክሬያለሁ፣ የለም። ኮዱ ካልመጣ የተሻገረው ሁሉ ተቆልፎ ይቀራል።»

«ስልኮቹን ይዤ ልሂድና እዚያ ሆኜ ላድርገው?»

«አሮጌው መንገድ ላይ ይሞትብሻል። እዚህ ተያቸው። አሮጊቷ ቤት ስትደርሺ በስልካቸው ደውዪልኝና ኮዱን አንብቢልኝ። ኮዱ ብዙ አይቆይም፤ የምልከው ስትደውዪ ብቻ ነው።»

ዘይነባን አየኋት። ፕላስቲክ ወንበር ስባ ስልኮቹ አጠገብ ቁጭ አለች። «እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። ዓይኔን ከነሱ ላይ ካነሳሁ ዓይኔ ይጥፋ።»

«ብቻዬን ነው የምሄደው?»

«አፍ የለሽም? ምላስ የለሽም? አብሽሪ፣ እቴ። ትርንጎ ባሕር ተሻግራለች፤ አንቺ የዶራን አደባባይ መሻገር ያቅትሻል?»

ከተናገረችው በኋላ የከበዳት መሰለኝ፤ ነጠላ ጫማዋን ማየት ጀመረች። የሱቁን ቁጥር በወረቀት ይዤ ወጣሁ።

ያለ ስልክ

እስከ ዶራ በሰርቪስ ሄድኩ፤ ሁለት መቶ ሺህ ሊራ። ሰርቪስ ታክሲ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ተዳብሎ መሄድ ነው። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ስሪላንኪየ?» አለኝ። «ሐበሺየ» አልኩ። ዶራ ላይ ወደ ሰሜን የሚሄድ ቫን ውስጥ ገባሁ።

ይህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ያለ ስልክ መንገድ ሄጄ አላውቅም። እጄ ደጋግሞ ኪሴ ይገባል፤ ወረቀቷን ብቻ ያገኛል። ስልክ ሲኖረኝም እኮ ብዙ ሰው አይደውልልኝም። ግን አንገቴን ደፍቼ እሱን ሳይ ለሌላው ሰው ሥራ ያለኝ እመስላለሁ፤ ለራሴም ቢሆን። አሁን የማየው መስኮቱን ብቻ ሆነ። በግራ በኩል በሕንፃዎቹ መካከል ባሕሩ ብቅ ይልና ይጠፋል። ባሕር ባየሁ ቁጥር ጀልባ እፈልጋለሁ፤ ይህኛው ባሕር የትርንጎ ባሕር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቫኑ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን እያቀፈች ታስቃለች። ከኋላ ሁለት ሴቶች በማላውቀው ቋንቋ ያወራሉ። እኔ ድንገት ብጠፋ ዛሬ ማን ጋር ይደወላል ብዬ አሰብኩ። መልሱ ዘይነባ ነበር፤ የእሷን ቁጥር ግን በቃሌ አላውቀውም። በቃሌ የማውቀው ያንን የድሮ ቁጥሬን ብቻ ነው።

ጃል ኤል ዲብ

ቤተ ክርስቲያኑን ቶሎ አገኘሁት፤ ፋርማሲውም ፊት ለፊት ነበር። የሕንፃው በር ግን ተቆልፏል። የደወሉን ቁልፍ ብጫን ዝም አለ፤ መብራት ጠፍቷል። እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ሰው ስልክ ደውሎ ነው በር የሚያስከፍት። እኔ ስልክ የለኝም። ከቅዳሴ የሚወጡ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። የቀረው መጣራት ብቻ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክፍል ውስጥ ተነስቼ ስሜን ስናገር እንኳ ድምፄ ይሰበር ነበር። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። ከዚያ ግንባሬን ወደ ላይ አቅንቼ «ተይታ ጆርጀት!» አልኩ። አንድ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። «ተይታ ጆርጀት!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነጭ ፀጉር ብቅ አለ። «ማን ነው ሰፈሩን የሚያናውጠው?»

«እኔ ነኝ... የቁጥሩ ልጅ።»

መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔም ፊቴን ሳልደፋ ቆምኩ። በመጨረሻ በገመድ የታሰረ ቅርጫት ቀስ ብሎ ወረደ፤ ውስጡ የበሩ ቁልፍ ነበር።

ቤታቸው የሳሙናና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነበረው። የልጆቻቸው ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ሁሉም ውጭ አገር ናቸው። ስልኩ ጠረጴዛው መሐል፣ ዳንቴል ላይ ተቀምጧል፤ ቁልፎቹ እንደ ባቄላ ትልልቅ ናቸው።

«ልጆቼ ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ብለውኛል» አሉ። «አንቺ ምን ትሰርቂኛለሽ?»

አረብኛዬ የኩሽና አረብኛ ነው፤ አምጪ፣ እጠቢ፣ ፈላ፣ አለቀ። ያን ቀን የሚያስፈልጉኝ ቃላት ግን ባሕርና ጠፋች ነበሩ። እንደምንም ነገርኳቸው። ተይታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ያቺ ልጅ እህትሽ ትሆን እንዴ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«በክረምት አንዲት ልጅ ደውላ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል። የማላውቀው ቋንቋ ነው፤ አንድ ነገር እየደጋገመች ትላለች። ተሳስተሻል ሐቢብቲ አልኳትና ዘጋሁት። በማግስቱም ደወለች፤ ያንኑ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።»

ምን እንደምትል ጠየቅኳቸው፤ አያስታውሱም። ስልኩን ተቀብዬ የገቡ ጥሪዎችን ፈለግኩ። ትንሽ ስልክ ነው፤ የሚይዘው የቅርቦቹን ብቻ ነበር፤ ሁሉም የልጆቻቸው ናቸው። ትርንጎ ትሁን ሌላ ሰው ማወቂያ የለም። የደወለው ሰው በሕይወት ነበር፤ ይህን ብቻ ይዤ ቀረሁ። አልቅሼ ይሆናል፤ ተይታ መሐረብ ሰጡኝ።

ወደ ሱቁ ደወልኩ። አቡ ዓሊ ሁሉም መሻገሩን፣ ኮዱ ብቻ እንደቀረ ነገረኝ። ወዲያው የተይታ ስልክ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ተይታም «ያላ፣ አንብቢለት፣ አንብቢለት!» አሉ ከእኔ ብሰው። አነበብኩ። ከዚያኛው ወገን የዘይነባ ድምፅ «ገባ! ገባ! አልሐምዱሊላህ!» እያለ ሱቁን አናጋው።

ኸላስ ብዬ ልነሳ ስል ተይታ ያዙኝ። «ልጅቱ ደግማ ብትደውልስ? ምን ልበላት?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዋትሳፑ ወደ እኔ ተመልሷል፤ መስመሩ ግን የእሳቸው ነው። በተራ ጥሪ የሚደውል ሁሉ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። ስለዚህ አስተማርኳቸው። «እህትሽ ደህና ናት በሏት። ከዚያ ለእኔ ይደውሉልኝ።»

«እኽትሽ...»

«እህትሽ።»

«ኡኽት! እኛም ኡኽት ነው የምንለው!» ብለው ሳቁ። «ደና ናት» የሚለው ግን አስቸገራቸው። ወደ ሱቁ መልሼ ደውዬ ዘይነባ የአሁኑን ቁጥሬን አነበበችልኝ፤ የሁለት ቁጥር ቁልፍ ላይ አስገባሁላቸው፤ ተጭነው ሲቆዩ ለእኔ ይደውላል። በሳምንቱ ካየኋቸው ሦስት ስልኮች ለአጠቃቀም የሚቀልለው የእሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መልስ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ሳብራ ላይ ዘይነባ አይፎኑን በሁለት እጇ አቅፋ ጠበቀችኝ። የትርንጎ ድምፅ ከነቀኑ ተሻግሯል። ግራጫዋ ምልክትም ተሻግራለች፤ አሁንም አንድ ብቻ ናት። ትቀየራለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። አሮጌው ስልክ ግን እዚያው ቻርጅ ላይ እንዳለ ጠፍቶ አልነሳ አለ።

ቨርደን ስደርስ አራተኛ ፎቁን ቀና ብዬ አየሁ። ዛሬ ስሟን ልጠይቃት ቆርጬ ነበር። በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ ብቻ አገኘሁ። ነገም ልብስ ይሰጣል።

ስልክ ለምትቀይሩ የምለው ይህ ነው። የትኛውም ስልክ ይሁን፣ እጅ ይለምደዋል፤ እኔም መመለሻ ቀስቷን በሁለት ሳምንት እረሳታለሁ። መስመራችሁን ግን አታስዘጉ። ከተዘጋባችሁም አሮጌው ስልክ እስኪሞት አትጠብቁ፤ ቁጥሩን አሁን የያዘውን ሰው ፈልጉት። ኮድ በስልክ የሚጠይቃችሁን አትመኑ፤ ተይታ ትክክል ናቸው። ሂዱና ፊታችሁን አሳዩ።

የእራቱን ዕቃ አጥቤ ከኩሽናው አጠገብ ያለችው ክፍሌ ስገባ ስልኩ ጮኸ። መስታወቱ ላይ «የድሮ ቁጥሬ» ይላል። ቶሎ አነሳሁት።

«እኽትሽ ደና ናት» አለ የተይታ ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በአረብኛ፦ «ማንም አልደወለም፣ ልለማመድ ብዬ ነው። ትክክል አልኩ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በአማርኛ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትክክል ነው፣ ተይታ» አልኳቸው። «እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»