ለከተማው ምክር ቤት የተሰጠ ምርቃት

አሜሪካ፣ ዳውንታውን ኦክላንድ ቢሮ ተቀምጬ የከተማውን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አለቃዬ የማትለቀው የአጻጻፍ መመሪያ አላት፦ ከተማ ማለት መንገዱና ቤቱ ሲሆን በትንሽ ፊደል፣ መንግሥቱ ሲሆን በትልቅ ፊደል ይጀመራል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ። «እንግዲያው አድምቂው» አለችኝ። መንግሥቱን ለማለት የገባውን «ከተማ» ሁሉ ሳደምቅ እውላለሁ። ሰልችቶኛል።

ያን ሰሞን የመለስኩት ማስታወቂያ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ያለ የአውቶቡስ ፌርማታ ሊነሳ ነው፣ የሚቃወም ሰው የምክር ቤቱ ስብሰባ መጥቶ ይናገር ይላል። ፌርማታው ያለው ከጎረቤቴ ደጃፍ ነው። ጉልበታቸው የደከመ ኤርትራዊት እናት ናቸው፤ ክሊኒክ የሚሄዱት በዚያ አውቶቡስ ነው። የሚቀጥለው ፌርማታ ዳገት ላይ ስለሆነ፣ ይሄኛው ከተነሳ ቤት መዋላቸው ነው።

«እማማ፣ ሂሪንጉ፣ ስብሰባው ላይ ይምጡና ይናገሩ፤ እኔ አስተረጉማለሁ» አልኳቸው።

«እናገራለሁ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ።»

በቀኑ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። በእናንተ አውቶቡስ ስንት ዘመን ተመላለስኩ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ቃል በቃል ተረጎምኩት። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፤ የሥራው ሕግ ነው። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ አመሰገነቻቸው። ጸሐፊው ፌርማታው ይነሳ ከሚሉት ደጋፊዎች ጋር መዘገባቸው።

ስንወጣ «ስቶፑ አይነሳብኝ ለምን አላሉም?» አልኳቸው።

«አሮጊት በምርኩዝ ተነሥታ ስትመርቅ ምን እንደፈለገች ይጠፋቸዋል? አገር የሚያስተዳድር ሰው ፊት አታንሱብኝ ብሎ መሟገት ነውር ነው። ደግሞ ተመርቆ እምቢ የሚል የለም።»

እናቴም ቀበሌ ሄዳ እንዲህ ነበር የምትለምነው፤ አንዳንዴም ይሆንላት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከአለቃዬ ጋር ስጨቃጨቅ ስለዋልኩ ለሌላ ክርክር አቅም አልነበረኝም። ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው።

ፌርማታው ተነሳ። ውሳኔውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። አዳመጡኝና በሐዘን ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምርቃቱን በደንብ አልነገርሽልኝም ማለት ነው» አሉኝ።