እስከ ዘጠነኛው ዙር

ባሌ ቤዝቦልን የለመደው ከቴሌቪዥን ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ባለው አፓርታማችን ውስጥ፣ ከኩላሊት እጥበት በተመለሰ ቁጥር ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያያል። እኔን ጨዋታው አይጥመኝም ነበር፤ ቆሞ ምራቅ መትፋት ይበዛበታል። «አንቺ ደግሞ! ሰዓት የለውም እኮ፤ ዘጠኝ ዙር እስኪሞላ ማንም አያስቆመውም» ይለኛል። የወደደለት ይህንኑ ሰዓት አልባነቱን ነበር።

ልጃችን ለትምህርት ቤቱ ይጫወት ነበር። ባሌ ግን አንድም ቀን ሜዳ ሄዶ አላየውም፤ በፊት ሥራው፣ በኋላ ሕመሙ አላስችለው አለ። የመጨረሻው ጨዋታ የእጥበቱ ቀን ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ይመረቃል፤ ባሌም የሚቀጥለውን ጸደይ እንደማያይ ሐኪሙ ነግሮናል።

«ችግር የለም» አለኝ ጠዋት፣ ልጁ ከወጣ በኋላ። «ከማሽኑ እንደተነሳሁ ጎረቤታችን በታክሲው ያደርሰኛል። ሰባተኛው አልቆ እንኳ ብደርስ ሁለት ዙር አያለሁ።»

ሜዳው ዳር ተቀምጬ የውጤት ሰሌዳውን ሳየው ለዙሮቹ ያለው ሰባት ሣጥን ብቻ ነው። ደነገጥኩ። አጠገቤ የነበረችውን፣ የአንዱን ተጫዋች እናት ጠየቅኋት። የሃይ ስኩል ጨዋታ ሰባት ዙር ነው አለችኝ። የሰለቸኝ መስሏት ልታጽናናኝ ጨመረችልኝ፦ ልዩነቱ አሥር ከሆነ ደግሞ አምስተኛው ላይ ያበቃል። የእኛዎቹ በዘጠኝ ይመሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጸለይኩትን እግዚአብሔር ያውቃል። «እባክህ፣ ለእነዚያም ስጣቸው» እል ነበር። አምስተኛው ዙር ላይ ተጋጣሚዎቹ አንድ ነጥብ አግኝተው ልዩነቱ ስምንት ሲሆን ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ተራው የእኛዎቹ ሆነና ልጄ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሁለት ጓደኞቹ ሯጮቹ የሚያርፉበት ቤዝ ላይ ቆመው እስኪመታ ይጠብቁታል። «ሳታት የኔ ልጅ፣ ሳታት» አልኩ በሆዴ። መታት። ኳሷ ከሁሉም ራስ በላይ አልፋ አጥሩ ሥር ወደቀች። ሁለቱም ሮጠው ገቡ፤ በሁለት ነጥብ ልዩነቱ አሥር ሞላ፤ ዳኛው ጨዋታው አበቃ አለ። ልጆቹ ልጄን ተሸክመው ሲጨፍሩ እኔ አለቀስኩ። ሴትዮዋም የደስታ መስሏት አቀፈችኝ።

ባሌ ሲደርስ ሜዳው ላይ የቀረነው ልጄና እኔ ብቻ ነበርን። ጎረቤታችን ደግፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ክንዱ ላይ ፋሻው እንዳለ ነው። ባዶውን ሜዳ ቃኘና ወደ ልጁ ዞረ።

«ስንተኛው ላይ ደረሳችሁ?»

ልጄ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ።

«ስድስተኛው ላይ ነን አባዬ፤ ገና ነው።»

ከዚያ ኳሷን ራሱ ወደ ላይ እየወረወረ ይመታት ጀመር። ይመታል፣ ሮጦ ያመጣል፣ እንደገና ይመታል። ባሌ ሞኝ አልነበረም፤ ገብቶታል። ግን ዙሩን ጮክ ብሎ ይቆጥርለታል። ስምንተኛው ላይ የመታት ኳስ ዛፎቹ ጋ ስትደርስ «እሰይ!» ብሎ ሊነሳ ሞከረና አቃተው። አንጀቴን በላው።

ዘጠነኛው ሲያልቅ ልጁን ጠራው።

«በል ይበቃል፤ ደክሞሃል። ዱላውን ወዲህ በለው፣ እኔ እይዝልሃለሁ።»

እስከ ታክሲው ድረስ ዱላውን ተመርኩዞ ሄደ።