ገበያው በስንተኛው ቀን ዋለ?

አያቴን ለማስታወስ አንድ ጥያቄያቸው ይበቃኛል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ እሳቸው ወሎ ውስጥ ለብዙ ዘመን እህል የነገዱ ሰው ነበሩ። አዲስ ትምህርት ባዘጋጀሁ ቁጥር፣ መጀመሪያ የማስረዳው እዚህ ስዊድን መጥተው ሃሉንዳ በሚባል ሰፈር ለሚኖሩት ለእሳቸው ነበር።

አንድ ቀን የሙስሊሞች ጦር ከሰሜን አፍሪካ ባሕር ተሻግሮ ስፔንን እንዴት እንደያዘ ሳስረዳቸው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ከተማ አድርጌ በስኳር ጠጠሮች ከበብኩት።

«እሺ መምህርት፣ ከተማዋ ተያዘች። ገበያው በስንተኛው ቀን ዋለ?»

«አባባ፣ መጽሐፉ እሱን አይልም።»

«እንግዲያው ጸሐፊው ገበያ ወጥቶ አያውቅም!» አሉና ጦሩን በሙሉ ሻዩ ውስጥ ጨምረው ጠጡት።

ካረፉ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው። ዘንድሮ ያንኑ ትምህርት ሳልለማመድ፣ እየፈራሁ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ የጦሩን መንገድ ስዬ ስጨርስ፣ ልክ እሳቸው የሚያቋርጡኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። ስለዚህ ጥያቄውን እኔው ጠየቅኩ።

አንዲት ተማሪ እጇን እንኳ ሳታወጣ በስዊድንኛ ጮኸች፦ «በማግስቱ ነዋ! ወታደሮቹስ ምን ሊበሉ ነው?»

አባባ ቢሰሟት ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርት የሚሏት እሷን ነበር።